ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ወይስ ቲነር? ለጋራዥና ለብየዳ ቤት ሰዎች

የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮው ጉሮሮዬን ያዘኝና መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ሃይላንዶች አንዱን አንስቼ ጎንጨት አልኩት፣ ለካ ቲነር (የቀለም ማቅጠኛው) ነው። ከጎኑ ያለው ውሃ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ደሞ የባትሪ አሲድ፣ ሦስቱም ኩልል ያሉ፣ ሦስቱም ክዳናቸው ሰማያዊ። ከዛ በኋላ የሆነው ግን ከቲነሩ የባሰ ነው፣ ጋሼ አለቃችን (ለክፋት አይደለም፣ ደንግጦ ነው) "ጣትህን ከተህ አስታውክ፣ እናንተ ቶሎ ወተት አምጡለት" አለ፣ አስታወኩ፣ ወተቱንም ጠጣሁ፣ ማታ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ሐኪም ቤት ገባሁና አራት ቀን ተኛሁ። ሐኪሟ ያለችኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ ቲነር ሆድህ ውስጥ ከሚያደርገው ይልቅ ስታስታውክ ወደ ሳንባህ የገባችው ጠብታ ነች የጎዳችህ።

አሁን ዘጠኝ ሰው የሚሠራበት የራሴ ብየዳና ቀለም ቤት አለኝ። ይሄን የምጽፈው እንደኔ አምስትም አሥርም ሰው ይዞ ለሚሠራ ሰው ነው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሴፍቲ ኦፊሰር አላቸው፣ ክሊኒክ አላቸው፣ እኛ ያለን ጸሎት ነው። ሴፍቲ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሄልሜትና ቢጫ ሰደርያ ነው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን እኔ እስካሁን ያየሁት አደጋ አብዛኛው የሚጀምረው አንድ ነገር ከራሱ ዕቃ ወጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ሲገባና የገለበጠው ሰው ለሌላው ሳይናገር ሲቀር ነው።

መጀመሪያ ደብተር ይዘህ ዙር

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አቁምና ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዘህ ግቢህን ዙር። ያለህን ፈሳሽ፣ ዱቄት፣ ጋዝ በሙሉ ጻፍ፣ ስሙን፣ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ። እኔ መጀመሪያ ስሠራው ስድስት ሰባት ዓይነት ይሆናል ብዬ ነበር፣ 31 ወጣ። ቲነር፣ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ አንቲረስት፣ ሃርድነር፣ ስቱኮ፣ ማስቲሽ፣ የባትሪ አሲድ፣ ካርባይድ፣ ኦክስጅን፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ በረኪና፣ ለአይጥ ተብሎ የተገዛ መርዝ (እሱ ደሞ የስኳር ጣሳ ውስጥ!)፣ እና ማንም ምን እንደሆነ የማያውቀው አራት ጣሳ። ባለቤት የሌለው ጣሳ አይሸተትም፣ "እስቲ ምን ይሆን" ተብሎ እሳት አይነካውም፣ ለብቻው ተቀምጦ "አይታወቅም" ተብሎ ይጻፍበታል፣ ከአደገኛው ቆሻሻ ጋር ይወገዳል።

ሲገዛ የመጣበት ጣሳ ላይ ያሉትን ቀይ ጠርዝ ያላቸው የአልማዝ ቅርጽ ምልክቶች ለልጆቹ አሳያቸው፣ ዘጠኝ ናቸው በጠቅላላው፣ አማርኛ አያስፈልጋቸውም። እሳቱ ይቀጣጠላል ማለት ነው፣ እጅና ብረት የሚበላው ፈሳሽ አሲድና መሰሉ ነው፣ ራስ ቅሉ መርዝ ነው፣ ክብ ላይ የሚነደው እሳት ራሱ ባይነድም ሌላውን የሚያባብስ ነው፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የሚመስል ነገር ያለበት ሰውዬ ደሞ ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው፣ ሳንባ፣ ካንሰር፣ መውለድ አለመቻል ምናምን። ይሄን የመጨረሻውን ማንም አይፈራውም ምክንያቱም ዛሬ አያምም። ለእያንዳንዱ ኬሚካል ደሞ 16 ክፍል ያለው የደህንነት መረጃ ወረቀት አለ፣ አስመጪውን ጠይቀው፣ የሚሰጥህ አለ የሚስቅብህም አለ፣ ካልሰጠህ በስሙ ኢንተርኔት ላይ ፈልግና የመጀመሪያ እርዳታውንና የአቀማመጡን ክፍል ብቻ በአማርኛ ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ።

ሃይላንድ ክልክል ነው

እኛ ጋ ያለው አንደኛው ሕግ ይሄ ነው፣ ቀልድ የለውም። የሚጠጣ ነገር ወይ የሚበላ ነገር የነበረበት ዕቃ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይገባም። ሃይላንድ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የቡና ጣሳ፣ ምንም። ቲነር ከትልቁ ጣሳ መቀነስ ካለበት ቆርቆሮ ዕቃ ክዳን ያለው ነው፣ ላዩ ላይ በወፍራም ማርከር "ቲነር፣ እሳት" ተብሎ ይጻፋል፣ ማንበብ ለማይችልም ቀይ ፕላስተር ይጠመጠምበታል። አሲድ የራሱ ጀሪካን ውስጥ ብቻ። የሚጠጣ ውሃ ደሞ ለብቻው ከወርክሾፑ በር ውጪ፣ ምሳም እዛው፣ እጅ ታጥቦ።

መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ከዛ አንድ ሁለት ሃይላንድ ፊታቸው ስቀዳድ ገባቸው። እስከ አሁን አንዳንድ ደንበኛ መኪናውን ሊያሠራ ሲመጣ ቤንዚን በሃይላንድ ይዞ ይመጣል፣ በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም እዚሁ ውስጥ ይግባልኝ። "ሙያ" ተብሎ የተማርነው ነገር ነው፣ አንዴ አፍህ ሞልቶ ትን ካለህ ግን የኔው ታሪክ ነው የሚደገመው። የእጅ ፓምፕ ርካሽ ነው፣ ግዛ። እጅን በቤንዚንና በቲነር መታጠብም እንደዛው፣ ቆዳህ ተሰነጣጥቆ ሌላውን ሁሉ ያስገባል፣ ትንሽ የምግብ ዘይት ቀብተህ በሰጋቱራ ብታሸውና በሳሙና ብትለቀልቀው ግሪሱ ይለቃል።

ምን ከምን ጋር አይቀመጥም

ኦክስጅንና ነዳጅ ነክ ነገር ጎረቤት አይሆኑም። በውጪዎቹ ደንብ የኦክስጅን ሲሊንደርና የሚነድ ጋዝ ሲቀመጡ በመሃላቸው 6 ሜትር ያህል ይተዋል፣ ቦታ ከሌለህ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው እሳት የማያሳልፍ ግንብ። እኛ ጋ ቦታ ስለሌለ በብሎኬት ከፍለነዋል። ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሲንቀሳቀስ ክዳኑ ይታሰራል፣ መሬት ላይ እየተንከባለለ አይሄድም። ግሪስ ያለበት እጅ የኦክስጅን ቫልቭ አይነካም፣ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ነው የሚነሳው። በኦክስጅን ቱታ ላይ ያለ አቧራ የሚያራግፉ ልጆች አይቻለሁ፣ በሙቀት ቀን ፊታቸው ላይ የሚለቁትንም አይቻለሁ፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ አንድ ብልጭታ ቢደርስ ቱታው እንደ ጧፍ ነው የሚሆነው።

ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴትሊን (የምንበይድበት የሚነድ ጋዝ) ይወጣዋል፣ ስለዚህ በርሜሉ ክዳኑ ድፍን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጣሪያው በማያፈስበት ቦታ። አሴትሊን ከአየር ጋር 2.5 በመቶ ብቻ ሲቀላቀል መፈንዳት ይችላል፣ ግፊቱን ከ1 ባር በላይ አትልቀቀው፣ ቱቦው ላይ የመዳብ መገጣጠሚያ አትጠቀም፣ ከመዳብ ጋር ራሱ የሚፈነዳ ነገር ይሠራል። ካርባይዱና ውሃው ከሚገናኙበት ማመንጫ የሚወጣው ነጭ ጭቃም ወዲያው አይሞትም፣ ትንሽ ጊዜ ጋዝ ያወጣል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከሱ ይራቅ።

አሲድ ታች፣ ከዓይን ከፍታ በታች፣ ፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ። ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲድ አይጨመርም፣ ከገለበጥከው ይፈላና ፊትህ ላይ ይረጫል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ቻርጀሩን መጀመሪያ አጥፋ ከዛ ነው ክሊፑ የሚነቀለው፣ ክፍሉም መስኮት ይኑረው።

የምታጸዳውን እናት ደሞ ቁጭ አድርገህ ንገራት። ሽንት ቤቱ ሲደፈን አሲድ ማፍሰስ የተለመደ ነው፣ ከዛ ደሞ ሽታው እንዲጠፋ በረኪና ይጨመርበታል፣ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ። የማንም ሠራተኛ ስም ዝርዝር ላይ የሌለች፣ ጓንትም ማስክም የማይገዛላት ሰው እሷ ነች።

ወተቱን እንተወው

አውቃለሁ ይሄ ያጣላል። ቀለም የሚቀባውና የሚበይደው ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጠው የሚል ነገር አለ፣ አሠሪውም ከሰጠ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፣ ሠራተኛውም ወተቱ ከቀረ ይቆጣል፣ ማስኩ ከቀረ ግን ምንም አይልም። ወተት ምግብ ነው፣ ስጡት፣ ደስ ይበለው፣ ግን ወተቱ ወደ ሆድ ነው የሚሄደው ጭሱ ወደ ሳንባ ነው የገባው፣ መንገድ ላይ አይገናኙም።

ጋልቫናይዝድ ላሜራ ወይ ቱቦ ስትበይድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው፣ ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት፣ ማላብ፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል፣ ወባ ነው ብሎ የተመረመረ ጓደኛ አለኝ። በማግስቱ ይለቅሃል፣ ስለለቀቀህም ወተቱ ያዳነህ ይመስልሃል። መፍትሔው የሚበየድበትን ቦታ ሽፋኑን በግራይንደር ማንሳት (ማስክ አድርገህ)፣ ውጪ መበየድ፣ ጭሱ ፊትህን አቋርጦ እንዳይሄድ በጎን መቆም ነው። ውጪ አይቻልም ካልክ ፋን ከጎንህ አድርገህ ጭሱን ወደ በር ግፋው።

ማስክ ሲባል ደሞ ሁለት ዓይነት ነው። ያ ነጩ ጨርቅ መሳይ ማስክ አቧራ ነው የሚይዘው፣ የቲነርን ሽታ ግን አያቆመውም፣ እየሸተተህ ከሆነ እየገባ ነው። ለቲነር የከሰል ካርትሬጅ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው፣ ካርትሬጁ ደሞ ያልቃል፣ ማስኩን አድርገህ ሽታው መምጣት ከጀመረ ቀይረው፣ ማታ ማታ ፌስታል ውስጥ ቋጥረህ አስቀምጠው ካለዚያ ሌሊቱን ሲጠጣ ያድራል። ሃርድነር የሚጨመርበት የመኪና ቀለም የሚረጭ ልጅ ካለህ ግን እሱ ለብቻው ወሬ ነው፣ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አስም ያመጣል፣ አንዴ ሰውነትህ ከጠላው በኋላ ትንሽ ሽው ቢልብህ እንኳ ደረትህን ይዘጋዋል፣ ብዙው ሰው ከዛ በኋላ ሙያውን ነው የሚቀይረው። በጨርቅ ማስክ አይረጭም፣ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት ማስክ መግዛት ካልቻልክ ያን ዓይነት ቀለም አትቀበል፣ እኔ አልቀበልም፣ ደንበኛ አጥቻለሁ።

ባዶ በርሜል ከሙሉ በርሜል ይብሳል

ይሄን ቀስ ብለህ አንብበው። ሰው በርሜል ይዞ ይመጣል፣ "ባዶ ነው፣ ለሁለት ሰንጥቅልኝ፣ ምድጃ ላደርገው ነው" ይላል። ወይ የመኪና ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከሩ) ያፈሳል፣ አንዴ ንካልኝ ይላል። ሙሉ ታንከር ውስጥ አየር የለም፣ ባዶው ውስጥ ግን ተንና አየር በደንብ ተቀላቅለው ይጠብቁሃል፣ ቤንዚን ደሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ላይ እንኳ ተን ይሰጣል፣ የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ምኑም አይደለም። በሳሙና አጥቤዋለሁ የሚለው ሰው ያጠበው ታቹን ነው፣ ስፌቱ ውስጥና ዝገቱ ውስጥ የቀረው ሲሞቅ እንደገና ይወጣል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ምን እንደነበረበት የማናውቀውን በርሜል አንነካም፣ አለቀ። የምናውቀው ከሆነ ክዳኖቹ በሙሉ ይከፈታሉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዛ የሚበየደው ቦታ ብቻ ከላይ እንዲቀር ተደርጎ ውሃ ይሞላል፣ ክዳኑ ክፍት እንደሆነ፣ ባዶ ቦታ ትንሽ ብቻ እስኪቀረው። የቤንዚን ሰልባትዮ ግን ይሄንንም አድርገን አንበይድም፣ አዲስ ወይ ያገለገለ ግዛ ነው የምንለው። የሚጣደፍ ደንበኛ "እገሌ ጋ በአምስት ደቂቃ ይሠራልኛል" ይልሃል፣ ይሂድ።

ከብየዳና ከግራይንደር የሚወጣው ብልጭታ 10 ሜትር ድረስ ይሄዳል ብለህ ቁጠር። ሰጋቱራ፣ ቲነር የነካው ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ስፖንጅ ከዛ ክልል ይውጣ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይይ፣ ምክንያቱም ሰጋቱራ ውስጥ የገባ ፍም ወዲያው አይነድም፣ ቆልፈህ ከሄድክ በኋላ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ከ11 ሰዓት በኋላ ብየዳ የለም፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ራሴ እየዞርኩ አሸታለሁ።

የቀሩት በአጭሩ

ግራይንደር ላይ መከላከያውን አውልቆ ትልቅ ዲስክ መግጠም ራስን ማጥፋት ነው፣ ትንሹ ማሽን በደቂቃ 11 ሺ ምናምን ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ትልቁ ዲስክ የተሠራው ለ6,600 ነው፣ ቁጥሩ ዲስኩ ላይ ተጽፏል አንብበው። የጨርቅ ጓንት ድሪል ላይ አይደረግም፣ ይጠመጠማል ጣትህን ይዞ። ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፣ ብረት ማቆሚያ ሳይገባ ማንም ከሥር አይገባም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ውጪ ነው የሚነሳው፣ ዝናብ ቢዘንብም ውጪ። ዘበኛው ኮንቴይነር ውስጥ ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ እንዳይተኛ ወፍራም ብርድ ልብስ ግዛለት፣ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም የለው ጠዋት አያነቃህም።

የተቃጠለ ዘይት ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ አለ ቁጥር 1090/2010፣ ከሱ በፊት ግን ያ ቦይ የሚሄደው የሆነ ሰው ጎመን የሚያጠጣበት ወንዝ ውስጥ ነው። በርሜል ሙላና ለሚሰበስቡት ስጥ። ሞቶ የተጣለ ባትሪ ግቢ ውስጥ ተሰባብሮ እርሳሱ በከሰል የሚቀልጥበት ቦታ ካለ ልጆች ከዛ ሰፈር ይራቁ፣ አንተም ቱታህን ለብሰህ ቤት አትግባ፣ የእርሳስ አቧራ ልጅህን እንደመታቀፍ ቀላል መንገድ የለውም።

ሕጉ ጋ ስንመጣ አሠሪም ሠራተኛም ይሄን ይወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ አደጋውን እንዲያሳውቅ፣ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪው እንዲያመለክት ያስገድዳል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅም አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፣ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዛ ስድስት ወር 50 በመቶ ይከፈለዋል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት ትዕዛዝ ከጣሰ ወይ ሰክሮ ከመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ስለዚህ ትዕዛዙ በቃል ብቻ አይሁን፣ ደብተሩ ላይ ተጽፎ ይፈረም፣ ለሁለታችሁም ይጠቅማል። እዛው ደብተር ላይ ሳይጎዳ ያመለጠውንም ጻፍ፣ "ዲስክ ተሰበረ፣ ማንንም አልነካም፣ ማክሰኞ" ብለህ፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፈው የምትገዛውን ዲስክ ትቀይራለህ።

የሆነው ሲሆን

አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ዓይኑን በጣት ከፍቶ፣ ቢጮህም። ቧንቧችን በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ ስለምናውቅ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ንጹህ ውሃ ከባትሪው አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰኞ ሰኞ ይቀየራል፣ አንዱ ጀሪካን ብቻውን 15 ደቂቃ አይቆይልህም። ሰውነት ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቆ ማጠብ፣ ማፈር የለም። ቲነር ወይ ቤንዚን ወይ አሲድ የዋጠ ሰው አያስታውክ፣ ጣት አይክተት፣ ዕቃውን ወይ የስሙን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት። ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው ላይ ድንች አትለጥፉ፣ ጨለማ ክፍል ያሳርፍና ሐኪም ይየው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዝም ያለን ሰው ተከትሎ መግባት ሁለት ሬሳ ነው፣ በገመድ ከውጪ ይሳባል ወይ እሳት አደጋ ይጠራል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካትህ በፊት ብሬከሩን አውርድ። የቲነር እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፣ ቲነሩ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል፣ የዱቄት ማጥፊያ ወይ አሸዋ፣ ማጥፊያውም በር አጠገብ ይሰቀል እንጂ ቲነሩ አጠገብ አይሁን።

አዲስ አበባ ላይ እሳት አደጋ 939 ነው፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ግን እኛ ሰፈር የቤት ቁጥር ሰው አያውቅም፣ እሳት ሲነሳ ደሞ ምላስ ይተሳሰራል። ስለዚህ በሩ አጠገብ በትልቁ የሚነገረውን ጽፈን ለጥፈናል፣ ከዋናው አስፋልት ላይ የቱን ማደያ አልፎ፣ በየትኛው መስጊድ ጀርባ፣ ስንተኛው ቅያስ፣ በሩ ምን ቀለም። የሚደውለው ያችን ያነባል፣ ሌላው ልጅ ደሞ ሥራው ቱታውን እያውለበለበ አስፋልቱ ድረስ ሮጦ መኪናዋን ይዞ መምጣት ነው፣ ማን እንደሆነም ስሙ እዛው ወረቀት ላይ አለ።